ማርስ 7 ወር የሚፈጀው ለምንድነው? ሞተሩን እስከ መጨረሻው ማስነሳት አይቻልም?

ቲቸር_ኮዬ

ሰላም ለቤቱ። ኮዬ ፈጬ ላለ የ11ኛ ክፍል የሳይንስ ክበብ ትልቅ ፖስተር እየተዘጋጀ ነው፤ ርዕሱ «ከዚህ ተነስተን የት፣ በስንት ጊዜ?» የሚል ነው። ልጆቹ ሦስት ነገር ላይ አልስማማ ብለዋል። በቁጥር የሚያስረዳ ሰው ቢገኝ ጥሩ ነው።

አንደኛ፣ ፓርከር የምትባለው የፀሐይ መንኮራኩር በሰዓት 692 ሺህ ኪሎ ሜትር በራለች ይባላል። ማርስ በጣም ስትቀርብ ደግሞ 55 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ብቻ ነው የምትርቀው። ሲካፈል ሦስት ቀን ከምናምን ይመጣል። ሰባት ወር ከየት መጣ? ሁለተኛ፣ ሞተር አጥፍቶ ከመንሳፈፍ እስከ መጨረሻው ነዳጅ እየሰጡ መሄድ ለምን አይሆንም? ሦስተኛ፣ ወደ ቅርቡ ኮከብ የሚያደርስ ሞተር አለ ወይስ ወሬ ነው?

በስልክ ካልኩሌተር የሚሠራ ስሌት ካለማ እሰየው ነው። ልጆቹ ግራ እንዳይጋቡ ዓመቶቹ በፈረንጅ ይሁኑ።

ዜኖን54

መምህር፣ ማካፈሉ ልክ ነው፤ የተካፈሉት ቁጥሮች ናቸው ለዚህ ጥያቄ የማይሆኑት።

ፓርከር ያንን ፍጥነት ያገኘችው በሞተር አይደለም። ዲሴምበር 24 ቀን 2024 ከፀሐይ ገጽ 6.1 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ላይ ስታልፍ የተመዘገበ ነው፤ ወደ ፀሐይ እየወደቀች ነበር። ከእንጦጦ በፍሪ የሚወርድ አይሱዙ ሽሮ ሜዳ ሲደርስ ያለውን ፍጥነት አይቶ «በዚህ አያያዙ ሽቅብ ሱሉልታ በስንት ደቂቃ ይገባል?» እንደማለት ነው። ስትወርድ ያገኘችውን ስትወጣ መልሳ ትከፍላለች።

55 ሚሊዮኑም መንገድ አይደለም። ሁለቱ ፕላኔቶች ፊት ለፊት ሲሆኑ በመካከላቸው ያለ ክፍተት ነው፤ ያውም እንደ 2003 ዓይነት በጣም የቀረቡበት ጊዜ። በዚያ ቀጥታ መስመር ማንም አይሄድም። ምድር በሰከንድ 29.8 ኪሎ ሜትር ወደ ጎን እየሮጠች ነው፤ ከእሷ የተነሳ መንኮራኩር ያንን ፍጥነት ይዞ ነው የሚወጣው። ቀጥታ ወደ ውጭ ልሂድ ካለ መጀመሪያ ያንን 29.8 ማጥፋት አለበት። ያንን የሚችል ሮኬት የለም። ስለዚህ የምድርን ሩጫ እንደ ስጦታ ተቀብሎ 2.9 ያህል ይጨምርበታል፤ መንገዱ ሞላላ ሆኖ ይሰፋና በሌላው ጫፉ የማርስን ምህዋር ይነካል። ይህ የሆማን ሽግግር ይባላል፤ በነዳጅ ከሁሉም የሚረክሰው መንገድ ማለት ይቻላል።

ስሌቱ በስልክ ይሠራል። የምድርን የፀሐይ ርቀት 1 በሉት፤ የማርስ 1.524 ነው። ደምራችሁ ለሁለት ስታካፍሉ 1.262። ይህን ቁጥር በራሱ ስኩዌር ሩት አባዙት፣ 1.418 ይመጣል፤ የሞላላው መንገድ ሙሉ ዙር በዓመት ማለት ነው። የምንሄደው ግማሹን ስለሆነ 0.709 ዓመት፣ ማለትም 259 ቀን። በዚሁ ዘዴ ቬነስ (0.723) 146 ቀን፣ ጁፒተር (5.2) 2.7 ዓመት፣ ሳተርን (9.58) 6 ዓመት፣ ኔፕቱን (30.07) 30.6 ዓመት ይመጣሉ። የኔፕቱኑን አስምሩበት፤ ቮየጀር 2 ከኦገስት 1977 እስከ ኦገስት 1989 በ12 ዓመት ነው የደረሰችው። ልዩነቱን የከፈሉላት ጁፒተር፣ ሳተርንና ዩራነስ ናቸው፤ በስበታቸው እየጎተቱ ሲያልፏት ከራሳቸው ሩጫ ትንሽ አካፈሏት።

ትክክለኛ ጉዞዎቹም ከስሌቱ ብዙ አይርቁም። ማርስ ላይ ያረፉት የናሳ ሮቦቶች፣ ኪዩሪዮሲቲ 254 ቀን፣ ፐርሲቪራንስ ከጁላይ 30 ቀን 2020 እስከ ፌብሩዋሪ 18 ቀን 2021 ድረስ 203 ቀን ወስደዋል። «ሰባት ወር» የሚባለው ከዚህ ነው። ማሪነር 7 ግን በ1969 በ131 ቀን ደርሳለች። ከ50 ዓመት በፊት የነበረ ሞተር የዛሬውን እንዴት ቀደመ? ሳትቆም ስላለፈች ነው። ፈጥኖ መድረስ ይቻላል፤ ችግሩ ሲደርሱ ፍሬን መያዙ ላይ ነው።

የመነሻው ቀን ደግሞ በምኞት አይመረጥም። ማርስ በቀን 0.524 ዲግሪ ትሄዳለች፤ በ259 ቀን 136 ዲግሪ። እኛ በዚያ ጊዜ 180 ዲግሪ ስለምንዞር ስንነሳ ማርስ 44 ዲግሪ ያህል ቀድማን መገኘት አለባት። ይህ አቀማመጥ በየ780 ቀኑ ይደገማል። በጁላይ 2020 የኤምሬትስ ሆፕ፣ የቻይና ቲያንወን 1 እና ፐርሲቪራንስ በ11 ቀን ውስጥ ተከታትለው የወጡት፣ ሦስቱም ፌብሩዋሪ ላይ የደረሱት ለዚህ ነው። ቀጣዩ በኖቬምበር 2026 ገደማ ይከፈታል። ለመመለስም እንዲሁ መጠበቅ አለ፤ በሆማን መንገድ ሄዶ የሚመለስ ሰው ማርስ ላይ 15 ወር ያህል ተቀምጦ በጠቅላላው 972 ቀን ይፈጅበታል። ፖስተሩ ላይ 259ን ብቻ ከጻፋችሁ ግማሽ ታሪክ ነው።

ፍሬንና_ነዳጅ

ሁለተኛውን እኔ ልሞክር። ዜኖን ያለው ሁሉ ልክ ነው። «ሞተሩን ለምን አያነዱትም» ለሚለው ግን በቁጥር ማሳየቱ ይሻላል።

ልጆቹ ያሰቡትን እንቀበል። መንኮራኩሩ ምድር ላይ በምናውቀው የስበት መጠን፣ በየሰከንዱ 9.8 ሜትር በሰከንድ እየጨመረ እስከ መንገዱ አጋማሽ ይሂድ፤ ከዚያ ፊቱን አዙሮ በዚያው መጠን ይቀንስ። ለ55 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር 42 ሰዓት ገደማ ይበቃዋል! መሐል ላይ ፍጥነቱ በሰከንድ 734 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ጨምሮም ቀንሶም ስለሆነ ጠቅላላ የፍጥነት ለውጡ 1,470 ኪሎ ሜትር በሰከንድ ነው። ይህን የለውጥ ድምር ባለሙያዎቹ ዴልታ ቪ ይሉታል። የጠፈር ጉዞ ዋጋ በርቀት አይቆጠርም፤ በዚህ ነው የሚቆጠረው።

አሁን የጺዮልኮቭስኪ የሚባለው የሮኬት ቀመር ይመጣል። ዴልታ ቪውን ጋዙ ከሞተሩ አፍ በሚወጣበት ፍጥነት አካፍሉ፤ 2.718ን በዚያ ቁጥር ከፍ አድርጉ። የሚመጣው «ሲነሳ ያለው ክብደት ባዶውን ስንት እጥፍ ነው» የሚለው ነው። ስልኩን ወደ ጎን ብታዞሩት አብዛኛው ካልኩሌተር ይህን ቁልፍ ያሳያል። በፈሳሽ ሃይድሮጂንና ኦክስጅን የሚሠራ ጥሩ ሞተር ጋዙን በሰከንድ 4.4 ኪሎ ሜትር ገደማ ያወጣል። 1,470ን ለ4.4 ስታካፍሉ 334፤ 2.718 በ334 ከፍ ሲል ከ1 ኋላ 145 ዜሮ ያለው ቁጥር። በሚታየው ዩኒቨርስ ያለው አቶም ሁሉ ከ1 ኋላ 80 ዜሮ ገደማ ነው የሚገመተው። ጋዙን በሰከንድ 30 ኪሎ ሜትር የሚያወጣ የአዮን ሞተር ብትሰጡትስ? ለአንድ ቶን ዕቃ ከ20 ጨረቃ በላይ የሚመዝን ነዳጅ። ክርክሩ እዚህ ላይ ማለቅ አለበት።

መኪና እስከ መጨረሻው ነዳጅ የሚረገጠው አየሩና አስፋልቱ ስለሚይዙት ነው። ጠፈር ላይ የሚይዝ የለም፤ በፍሪ መሄድ ነጻ ነው። ሞተር የሚነሳው ለመውጣት፣ መስመር ለማስተካከልና ለመቆም ነው።

የመውጫው ነገር ላይ አንድ የሚገርም ስሌት አለ፣ ልጆቹ ይወዱታል። 300 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ምድርን የሚዞር መንኮራኩር በሰከንድ 7.73 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። ከምድር ስበት ለማምለጥ ብቻ 3.2 መጨመር አለበት፤ እንደምንም ካመለጠ በኋላ የሚቀረው ፍጥነት ዜሮ ነው። ማርስ ለመሄድ ካመለጠ በኋላ 2.94 ሊተርፈው ይገባል። ታዲያ ድምሩ 6.14 ነው? አይደለም። እዚያው ታች፣ በአንድ ጊዜ ከተሰጠ 3.6 ይበቃል። 0.4 ብቻ ጨምሮ 2.94 አተረፈ። ምክንያቱ ጉልበት በፍጥነት ስኩዌር ስለሚያድግ ነው፤ ፈጥኖ እየሄደ ያለ ነገር ላይ የሚሰጥ ግፊት ዝግ ብሎ በሚሄደው ላይ ከሚሰጠው የበለጠ ጉልበት ያስገኛል። ኦበርት የሚባለው ውጤት ይኸው ነው። ማጣሪያው፦ 10.93 (የማምለጫው ፍጥነት) በስኩዌር፣ ሲደመር 2.94 በስኩዌር፣ ስኩዌር ሩቱ 11.32፤ ከዚያ ላይ 7.73 ሲቀነስ 3.59።

ፍሬኑ ሲበላሽ ምን እንደሚመጣ ለማየት የጃፓኗን አካትሱኪ ተመልከቱ። ዲሴምበር 2010 ቬነስ ደረሰች። 12 ደቂቃ ሊነድ የታቀደው ዋና ሞተሯ ሦስት ደቂቃ እንኳ ሳይሞላ ተቋረጠ። ነዳጁና ነዳጁን የሚያነደው ኦክሲዳይዘር በትነት ተገናኝተው ጨው ሠሩና የነዳጁን መስመር አንዲት መመለሻ የለሽ ቫልቭ አፈኗት፤ ድብልቁ ተዛባ፣ ጋዙ የሚወጣበት ኖዝል ከመጠን በላይ ግሎ ተጎዳ። ፕላኔቷን አልፋ ፀሐይን አምስት ዓመት ዞረች። ዲሴምበር 2015 አቅጣጫ ለማስተካከል በተሠሩት ትናንሽ ሞተሮች ተደግፋ ገባች። አንዲት ቫልቭ አምስት ዓመት በላች!

ማርስ ላይ ደግሞ በሴፕቴምበር 1999 ክላይሜት ኦርቢተር የተባለችው የናሳ መንኮራኩር የጠፋችው በመለኪያ ነው። የምድሩ ሶፍትዌር የትናንሽ ሞተሮቿን ግፊት በፓውንድ ሰከንድ ሲሰጥ ተቀባዩ ኒውተን ሰከንድ መስሎት ቆጠረ። ልዩነቱ 4.45 እጥፍ። የክበቡ ልጆች «አሃዱን ካልጻፋችሁ ማርክ የለም» ሲባሉ የሚያጉረመርሙ ከሆነ ይህን አንብቡላቸው።

ቲቸር_ኮዬ

እጅግ አመሰግናለሁ፤ የ145ቱ ዜሮ ነገር አስቆናል። ሁለት ነገር ልጨምር። የአዮን ሞተር ይህን ያህል ጋዙን የሚያፈጥን ከሆነ ሰው ለመውሰድ ለምን አልዋለም? ኒውክሌርስ? ሌላው፣ አንድ ልጅ «ሮኬት ከእንጦጦ ጫፍ ቢተኮስ 3,200 ሜትር ስለሚቀርብ ነዳጅ ይቆጥባል» ብሎ ሙጭጭ ብሏል።

ፍሬንና_ነዳጅ

የእንጦጦውን ልቅደም፣ አጭር ነው። ልጁ ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተም። እዚያ ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለል ሁለት ሦስተኛ ገደማ ስለሆነ ትንሽ ይቀላል። ግን ሮኬት ምህዋር ለመግባት 9.4 ኪሎ ሜትር በሰከንድ ያህል ያወጣል፤ አብዛኛው ወደ ላይ ለመውጣት ሳይሆን ወደ ጎን ለመፍጠን ነው። የበለጠ የሚጠቅመን ለምድር ወገብ መቅረባችን ነው። ምድር ስትዞር አዲስ አበባን በሰከንድ 459 ሜትር ወደ ምሥራቅ ትወስዳታለች፤ ከታወቁት የሮኬት ማስወንጨፊያዎች ኩሩን 463፣ ኬፕ ካናቬራልን 409፣ ባይኮኑርን 323። ጥሩ ቦታ ነን። ጉዱ ያለው ምሥራቁ ላይ ነው፤ ተቃጥለው የሚወድቁት የሮኬት ክፍሎች ባሕር ከመድረሳቸው በፊት ሰውና ከብት ባለበት መሬት ላይ ያርፋሉ። ደግሞ ሁሉም ሳተላይት ወደ ምሥራቅ አይሄድም። የእኛዋ ሳተላይት ኢቲአርኤስኤስ 1 በዲሴምበር 2019 ከቻይና ታይዩዋን የተተኮሰችው ዋልታ ለዋልታ ለሚዞር ምህዋር ነው፤ ለዚያ የምድር መዞር እርዳታ አይሆንም።

ዜኖን54

አዮን የኔ ነው።

የሞተሩ ሥራ ቀላል ነው። ዜኖን የሚባል ከባድ ጋዝ ኤሌክትሮን ይነጠቃል፤ የቀረውን አዮን ከሺህ ቮልት በላይ በተሰጣቸው ቀዳዳ ወንፊቶች መካከል አስፈንጥሮ ያወጣዋል። ዶውን የተባለችው መንኮራኩር በ2007 ስትነሳ 1,218 ኪሎ ትመዝን ነበር፤ 425 ኪሎው ዜኖን። ሞተሯ ሙሉ ኃይሉን ሲሰጥ 90 ሚሊ ኒውተን ነው፤ መዳፍ ላይ የተቀመጡ ሁለት ወረቀቶች ክብደት። 0.09ን ለ1,218 አካፍላችሁ በ86,400 ሰከንድ አባዙ፤ በቀን 6.4 ሜትር በሰከንድ፣ ማለትም 23 ኪሎ ሜትር በሰዓት ትጨምራለች። ከቆመችበት ተነስታ የቀለበት መንገድ ፍጥነት ለመያዝ አራት ቀን! ግን ስድስት ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ስለነደደ በድምሩ 11 ኪሎ ሜትር በሰከንድ ለውጣለች። በዚያ ቬስታ የተባለችውን አስትሮይድ በ2011 ዞረች፣ ጥላት ሄደች፣ በ2015 ሴሬስ የተባለችውን ድንክ ፕላኔት ዞረች። በኬሚካል ሮኬት ሁለት ሩቅ አካላትን ተራ በተራ መዞር የማይታሰብ ነበር።

ለሰው የማይሆነው በኤሌክትሪክ ምክንያት ነው። የሚያስፈልገው ኃይል ግፊቱ ሲባዛ በጋዙ ፍጥነት፣ ለሁለት ሲካፈል ነው። 1 ኒውተን በ30 ሺህ ሜትር በሰከንድ 15 ኪሎ ዋት፤ ሞተሩ ከሚያባክነው ጋር 25። 100 ቶን የሚመዝን የሰው መርከብ በየሰከንዱ 1 ሚሊ ሜትር በሰከንድ እንዲጨምር 100 ኒውተን ይፈልጋል፤ 2.5 ሜጋ ዋት። የዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ እነዚያን ሁሉ ክንፎች ዘርግቶ የሚያገኘው 100 ኪሎ ዋት ገደማ ነው። ጋዙ በፈጠነ ቁጥር ነዳጅ ይቆጠባል፣ የኤሌክትሪኩ ፍላጎት ግን በዚያው ልክ ያድጋል። በሁለቱም ማትረፍ አይቻልም።

ሌላው የሚረሳ ነገር፣ ፍሬንና_ነዳጅ የነገረን የኦበርት ትርፍ ለአዮን አይሠራም። በአንድ ጊዜ መስጠት ስለማይችል ምድርን እየዞረ በጥቂት በጥቂቱ ይወጣል፤ 3.2 የነበረው የማምለጫ ዋጋ ወደ 7.7 ያድጋል። ከላይ ያለው መርከብ ለዚህ ብቻ ሦስት ወር ይፈጅበታል፤ ያውም ጨረር በሞላበት የቫን አለን ቀበቶ ውስጥ እየተመላለሰ። የአውሮፓዋ ስማርት 1 ከሴፕቴምበር 2003 ተነስታ ጨረቃ የደረሰችው በኖቬምበር 2004 ነው። አፖሎ 11 በሦስት ቀን። ስማርት 1 ግን የፈጀችው 80 ኪሎ ያህል ዜኖን ነው። ጊዜ ለማይሰለቸው ዕቃ ጫኚ አዮን፣ ለሰው ሌላ።

የአዮን ጉዞ ብልሽትም በዝግታ ነው የሚያስቀጣው። ወደ ሜርኩሪ የተላከችው ቤፒኮሎምቦ ኤፕሪል 2024 ላይ ለሞተሮቿ የሚደርሰው ኤሌክትሪክ ስለቀነሰ ሙሉ ግፊት መስጠት አቃታት። ተሰብራ አልቀረችም፤ መንገዷ እንደገና ተሰልቶ ሜርኩሪ የምትደርስበት ጊዜ ከዲሴምበር 2025 ወደ ኖቬምበር 2026 ተገፋ።

ካራ_ቆሬ_ሪአክተር

ኒውክሌርን ሁለት ማድረግ ያስፈልጋል። አንዱ ከሪአክተር ኤሌክትሪክ አውጥቶ አዮን ሞተር ማንቀሳቀስ ነው። ዜኖን54 በሰጠው ቁጥር ብንሄድ 2.5 ሜጋ ዋት ለማግኘት ሪአክተሩ 10 ሜጋ ዋት ሙቀት ያመነጫል እንበል፤ የቀረው 7.5 የት ይሂድ? ጠፈር ላይ አየርም ውሃም የለም። ሙቀት የሚወጣው በጨረር ብቻ ስለሆነ ግዙፍ ራዲያተር መዘርጋት ይመጣል። ብዙ ሰው ሪአክተሩ ይከብዳል ብሎ ያስባል፤ ንድፉን የሚያከብደው ራዲያተሩ ነው።

ሁለተኛው ኒውክሌር ተርማል ነው፤ እኔ ለማርስ ሰው የምመርጠው ይህንን ነው። ፈሳሽ ሃይድሮጂን በጋለ ሪአክተር ውስጥ አልፎ በኖዝል ይወጣል፤ የሚቃጠል ነገር የለም። ሃይድሮጂን ቀላሉ ጋዝ ስለሆነ በሰከንድ 8.5 እስከ 9 ኪሎ ሜትር ይወጣል፤ ከምርጡ ኬሚካል ሁለት እጥፍ ገደማ። ግፊቱም ከአዮን ጋር አይወዳደርም፣ ስለዚህ ኦበርትን ይጠቀማል። ልዩነቱን በቀመሩ እዩት፦ ለ10 ኪሎ ሜትር በሰከንድ ዴልታ ቪ ኬሚካሉ 9.7 እጥፍ ክብደት ይዞ ይነሳል፣ ኒውክሌሩ 3.1። ወረቀት ላይ የቀረ ሐሳብም አይደለም፤ አሜሪካኖች በ1960ዎቹ በኔቫዳ በረሃ ኔርቫ በሚል ስም ሞተሩን መሬት ላይ አንድደው ደጋግመው ሞክረውታል። በ1973 ተዘጋ። ድራኮ በሚል ስም በ2021 እንደገና ተነሳ፣ ሳይበር በ2025 ተሰረዘ።

የሚያስቸግረው ሃይድሮጂኑ ነው። ፈሳሽ ሆኖ የሚቆየው ከዜሮ በታች 253 ዲግሪ ላይ ነው፤ ለወራት ሲቀመጥ እየተነነ ያመልጣል፣ ማቀዝቀዣ ማሽን ካልተገጠመ ለመመለሻ የተባለው አይገኝም። አንድ ሜትር ኩብ የሚመዝነው ደግሞ 70 ኪሎ ብቻ ነው፤ ፈሳሽ ሚቴን 420 ይመዝናል። ታንከሩ ግዙፍ ይሆናል። የሪአክተሩም ሙቀት ነዳጅ ዘንጎቹ ከሚችሉት፣ ከ2,500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ማለፍ አይችልም፤ ጣሪያው እሱ ነው።

ለምን ይቸኮላል ለሚለው፣ ኪዩሪዮሲቲ በጉዞዋ ላይ የለካችው ጨረር በቀን 1.8 ሚሊ ሲቨርት (ሰውነት የሚቀበለው ጨረር መለኪያ) ነበር። የ259 ቀን መንገድ ደርሶ መልስ ሲባዛ 930 ገደማ። በየወሩ የሚቀነስ ጉዞ ከጠፈርተኛው ሰውነት ላይ 54 ያህል ያወርዳል።

ፍሬንና_ነዳጅ

ካራ ቆሬ፣ በቁጥሩ አልከራከርህም፣ በምርጫው ግን አልስማማም። ሃይድሮጂን ለዓመት የሚይዝ ታንከር ከተገኘ፣ ምድር ምህዋር ላይ የኬሚካል መርከብ ነዳጅ መሙላትም እኮ ይቻላል፤ ያኔ 9.7ቱ እጥፍ በአንድ ሮኬት መውጣቱ ይቀራል። ሪአክተር ለማስወንጨፍ ፈቃድ ከማግኘት ማደያ መገንባቱ ይቀላል ባይ ነኝ።

ሸራ_ዘርጊ

ሦስተኛው ጥያቄ እንዳይረሳ።

ፕሮክሲማ ሴንቶሪ 4.24 የብርሃን ዓመት ነው፤ 40 ትሪሊዮን ኪሎ ሜትር። ቮየጀር 1 በሰከንድ 17 ኪሎ ሜትር ትሄዳለች፤ በዚያ ፍጥነት 75 ሺህ ዓመት። በነገራችን ላይ ወደ ፕሮክሲማ እየሄደች አይደለም፤ የዛሬ 40 ሺህ ዓመት ገደማ ግሊዘ 445 በተባለ ኮከብ አጠገብ ታልፋለች፣ «አጠገብ» ሲባል ከአንድ ተኩል የብርሃን ዓመት በላይ ርቃ ነው።

በሰው ዕድሜ ለመድረስ የብርሃንን ፍጥነት አንድ አሥረኛ ያህል ያስፈልጋል፤ 42 ዓመት። እዚህ ላይ ችግሩ ከሞተር ዓይነት በፊት ጉልበት ነው። አንድ ቶን ነገር በዚያ ፍጥነት ሲሄድ የሚይዘው ጉልበት 125 ቢሊዮን ኪሎ ዋት ሰዓት ነው። የህዳሴ ግድብ በዓመት ያመነጫል ተብሎ የታቀደው ከ15 ቢሊዮን ትንሽ በላይ ነው፤ ስምንት ዓመት የግድቡ ምርት፣ ሳይባክን፣ ለአንድ ቶን፣ ለመነሳት ብቻ። ለመቆም ደግሞ ያንኑ ማስወገድ አለ።

ኬሚካል ከጨዋታ ውጭ ነው። ኦርዮን በ1958 የተጀመረ ንድፍ ነበር፤ ከመርከቡ ኋላ ተራ በተራ አቶሚክ ቦምብ እያፈነዱ በወፍራም ሳህንና ድንጋጤ በሚውጥ ምሰሶ መገፋት። ከሁሉም ለመሠራት የቀረበው እሱ ይመስለኛል፤ በ1963 ጠፈር ላይ ቦምብ ማፈንዳት በስምምነት ሲከለከል መሠረቱ ተናደ። የእንግሊዝ ኢንተርፕላኔተሪ ሶሳይቲ ከ1973 እስከ 1978 የነደፈው ዴዳለስ በኒውክሌር ውህደት ይሄዳል፤ 54 ሺህ ቶን፣ 50 ሺሁ ነዳጅ፣ የብርሃንን 12 በመቶ፣ ወደ ባርናርድ ኮከብ 50 ዓመት ገደማ። ለነዳጅ የሚሆነውን ሄሊየም 3 ከጁፒተር አየር እንዲቀዳ ነው ያሰቡት። ደርሶም አይቆምም። ፀረ ቁስ ይሻላል የሚሉ አሉ፤ እስካሁን በላቦራቶሪ የተሠራው ሁሉ ተደምሮ በናኖግራም የሚቆጠር ነው፣ ስለዚህ ፖስተር ላይ ቦታ አትስጡት።

የቀረው ነዳጁን ቤት ትቶ መሄድ ነው። ብርሃን ይገፋል፤ በምድር ርቀት ላይ የፀሐይ ብርሃን ፍጹም መስታወት የሆነን አንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ሸራ በ9 ኒውተን ይገፋዋል። የጃፓኑ ኢካሮስ በ2010 በ14 ሜትር በ14 ሜትር ሸራ 1.1 ሚሊ ኒውተን ለክቶ አሳይቷል። ከፀሐይ ሲርቁ ግን ይደክማል፤ ርቀቱ ሁለት እጥፍ ሲሆን ግፊቱ ሩብ ይሆናል። ስለዚህ በኤፕሪል 2016 ዩሪ ሚልነርና ስቲቨን ሆኪንግ ብሬክስሩ ስታርሾትን ሲያስተዋውቁ ፀሐይን በ100 ጊጋ ዋት ሌዘር ተክተው ነው። የህዳሴ ግድብ ሙሉ አቅም 5.15 ጊጋ ዋት ነው፤ 19 ግድብ ለጥቂት ደቂቃ አንዲት አራት ሜትር ሸራ ላይ ማነጣጠር ማለት ነው። ሸራዋና ጭነቷ በግራም ይቆጠራሉ፤ የብርሃንን አንድ አምስተኛ ይዛ በ21 ዓመት ትደርሳለች።

የት ይበላሻል? መጀመሪያ እዚያው ሲነሳ። ሸራው ከሚመጣበት ብርሃን ከሺህ አንዱን ብቻ ቢውጥ 100 ሜጋ ዋት ነው፤ ግራም የሚመዝን ነገር ወዲያው ይተናል። ቀጥሎ መንገድ ላይ አቧራ፤ በዚያ ፍጥነት አንድ ማይክሮግራም ብናኝ ስትመታ 1.8 ሜጋ ጁል ትለቃለች፣ ግማሽ ኪሎ የማይሞላ ቲኤንቲ ፈንጂ ያህል። ሲደርስ ደግሞ ፍሬን የለውም። ከምድር እስከ ፀሐይ ያለውን ያህል ርቀት በ42 ደቂቃ ያልፋል፤ ፎቶው የሚነሳው በዚያች ሰዓት ነው፣ ምስሉ እኛ ዘንድ ለመድረስ 4.24 ዓመት ይጓዛል። ከግራም መሣሪያ ያንን ያህል ርቀት የሚሰማ ሬዲዮም ሆነ ሌዘር እንዴት እንደሚላክ ከሁሉም ከባዱ ጥያቄ ነው፤ ብዙ ጽሑፍ ግን በሸራው ያበቃል።

ቱሉዲምቱ_በር

ፖስተር ብቻ ከሚሆን መንገዱን ተጠቀሙ፤ ኮዬ ፈጬ ለቱሉ ዲምቱ ቅርብ ነው። ከምድር እስከ ፀሐይ ያለውን 150 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር 1 ኪሎ ሜትር አድርጉት። ፀሐይ ቱሉ ዲምቱ ላይ 9.3 ሜትር ስፋት ያላት ክብ ትሆናለች። ምድር 1 ኪሎ ሜትር ላይ 8.5 ሴንቲ ሜትር፣ ሞላ ያለች ብርቱካን። ጨረቃ ከብርቱካኗ ሁለት ሜትር ተኩል ርቃ 2.3 ሴንቲ ሜትር። የጠፈር ጣቢያው ከልጣጩ 3 ሚሊ ሜትር ከፍ ብሎ ነው የሚዞረው። ማርስ አንድ ሎሚ፣ 1.5 ኪሎ ሜትር ላይ። ጁፒተር 5.2፣ ገላን ገደማ። ዩራነስ 19፣ ዱከምን አልፎ። ኔፕቱን 30፣ ቢሾፍቱ አካባቢ። ቮየጀር 1 ከ170 ኪሎ ሜትር በላይ፣ መተሐራ ዙሪያ ናት።

ደስ የሚለው ፍጥነቱ ነው። በዚህ ልኬት ብርሃን በሰዓት 7.2 ኪሎ ሜትር ይሄዳል፤ ሶምሶማ። ቮየጀር በቀን 10 ሜትር። ፕሮክሲማ 268 ሺህ ኪሎ ሜትር፤ ሥዕሉን አሳንሰንም እውነተኛዋ ጨረቃ ያለችበት ርቀት ሁለት ሦስተኛ ያልፋል።

ፈጣን መንገዱ ላይ እግረኛ አይፈቀድም፤ በአሮጌው የዱከም መንገድ ዳር ሥሩት።

ቲቸር_ኮዬ

ሶምሶማው ይገባል! 9.3 ሜትር ፀሐይ ግን በምን ይሳላል? ወረቀት አይበቃም።

ቱሉዲምቱ_በር

ወረቀት አያስፈልግም። ሜዳ ላይ ችካል ትከሉ፣ 4 ሜትር ከ65 ሲባጎ እሰሩበት፣ ጫፉ ላይ ኖራ የያዘ ልጅ ወጥሮ ይዙር። ሲባጎው ችካሉ ላይ እንዳይጠመጠም ቋጠሮውን ላላ አድርጉት፤ ካልሆነ ክቡ እየጠበበ ሄዶ መጀመሪያው ጋ አይገጥምም።